ጫጫታው ውስጥ ያለች ዋሽንት፦ በሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶቼና እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እዚያ ኋላ ግድግዳውን ተደግፋችሁ የቆማችሁ ልጆቼም፣ እንደምን አመሻችሁ?

እግዚአብሔር ይመስገን። መንገዱ ተዘጋግቶ፣ ከሥራ ወጥታችሁ፣ የሥራ ልብሳችሁን እንኳ ሳትቀይሩ የመጣችሁ እንዳላችሁ አይቻለሁ። አክብራችሁኛል፣ እግዜር ያክብርልኝ።

እዚህ የቆምኩበትን ምክንያት አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ባለፈው ወር ልጆቻችን በዚሁ አዳራሽ ማሲንቆውን ከኤሌክትሪክ ጊታር፣ ከበሮውን ከድራም ጋር አድርገው ሲለማመዱ የሰሙ አባቶች ቅር ተሰኙ። «ባህሉን አበላሹት፤ ይሄ ጩኸት እንጂ ዘፈን አይደለም» ተባለ። ልጆቹም አኮረፉ። በዚህ መሀል አንድ እናት ወደ እኔ ዞረው «አንተ በወጣትነትህ እንዲህ ያለውን ስትጫወት አልነበር? ምን ዝም ትላለህ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ብዙ ዓመት ዝም ብያለሁ። ዛሬ ልናገር።

አዎ፣ እዚሁ ከተማ ውስጥ 9 ዓመት ኬልቲክ ፓንክ በሚጫወት ባንድ ውስጥ ነበርኩ። ኬልቲክ ፓንክ ማለት የአየርላንድን የቆየ ዜማ በፓንክ፣ ፈጣንና ጩኸታም በሆነው የሮክ ዓይነት፣ ጉልበት መጫወት ነው። ቫዮሊን አለ፣ አኮርዲዮን አለ፣ ባንጆ አለ። ከጎናቸው ደግሞ ጆሮ የሚበሳ ጊታርና ግድግዳ የሚያንቀጠቅጥ ድራም አለ። ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ ይቺ አለች። እዩዋት። ቲን ዊስል ትባላለች። ስንዝር ተኩል የምታህል ቆርቆሮ፣ ስድስት ቀዳዳ ያላት።

ብብቴ ሥር ሸጉጫት መቆሜ ነውር እንዳይመስላችሁ። እያሞቅኋት ነው። ብረት ሲቀዘቅዝ ድምፁ ይወርዳል፣ ከሌላው መሣሪያ ጋር አይገጥምም። ስለዚህ የሚነፋት ሰው መድረክ ከመውጣቱ በፊት ብብቱ ወይም እጅጌው ውስጥ ይይዛታል። ሌላም ጣጣ አላት። ትንፋሽ ቀዝቃዛ ብረት ሲነካ ጤዛ ይሆንና መንፊያዋን ይደፍነዋል፤ ዘፈኑ መሀል ላይ ጭጭ ትላለች። ለዚህ መድኃኒቱ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ነው። በመንፊያዋ አስገብታችሁ እንዲደርቅ ስትተዉት ጤዛው አይቋጥርም፣ ሸርተት ብሎ ያልፋል። ይህን ማንም መጽሐፍ አላስተማረኝም። የባንዱ ቫዮሊን ተጫዋች አንድ የመጠጥ ቤት ማጀት ውስጥ፣ የብርጭቆ ማጠቢያው ገንዳ አጠገብ ቆማ ነው ያሳየችኝ።

ሦስት ነገር ላነሳላችሁ አስቤያለሁ። አንደኛ፣ ይህ ሙዚቃ ከየት እንደመጣ። ሁለተኛ፣ እኔ እንዴት እንደገባሁበትና ኑሮው ምን ይመስል እንደነበር። ሦስተኛ፣ አባቴ ባረፈ ጊዜ የሆነውን። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

እንግዲህ አንደኛው። ይህ ሙዚቃ ከየት መጣ? ከአየርላንድ እንዳትሉኝ። ዜማው ከአየርላንድ ነው፤ ሙዚቃው ግን የመጣው ከስደት ነው።

በ1982 ለንደን ውስጥ፣ ኪንግስ ክሮስ በሚባለው ሰፈር፣ ፖግስ የሚባል ባንድ ተመሠረተ። የመጀመሪያ ስማቸው በአየርላንድ ቋንቋ ስድብ ነበር፤ በታላላቆቼ ፊት አልተረጉመውም። ትርጉሙ ሲታወቅ ነው ያሳጠሩት። ዘፋኛቸው ሼን ማክጋውን በ1957፣ በገና ዕለት፣ ከአየርላንዳውያን ወላጆች ኬንት ውስጥ ተወለደ። ልብ በሉልኝ፤ ኬንት እንግሊዝ አገር ነው! ከልጅነቱ ጥቂቱን በእናቱ ዘመዶች ዘንድ፣ አየርላንድ ቲፐረሪ ገጠር አሳልፏል። አኮርዲዮን የሚጫወተው ጄምስ ፈርንሊ እንግሊዛዊ ነው። ቲን ዊስል የሚነፋው ስፓይደር ስቴሲም እንግሊዛዊ ነው። ጠዋት ከእንግሊዝ ልጅ ጋር ትምህርት ቤት የሚውሉ፣ ማታ የወላጆቻቸውን ዘፈን የሚሰሙ ልጆች፣ ከእንግሊዝ ጓደኞቻቸው ጋር ሆነው የሠሩት ነገር ነው። ይሄ ለእናንተ እንግዳ ነገር ነው? እዚያ ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙት እነማን ናቸው?

ታዲያ ለምን አስጮኹት? ለምን እንደ አያቶቻቸው ተቀምጠው በለሆሳስ አልዘፈኑትም? ይህን ጥያቄ እኔም ጠይቄያለሁ። በ1970ዎቹ በእንግሊዝ ከተሞች የአየርላንድ ታጣቂዎች ያጠመዱት ቦምብ ይፈነዳ ነበር፤ የአየርላንድ ሰው ሁሉ በጥርጣሬ ይታይ ነበር። ለንደን አውቶቡስ ውስጥ በአየርላንድ አነጋገር አፍን መክፈት ያስፈራ ነበር። በርሚንግሃም ላይ በፈነዳው ቦምብ ሰበብ ስድስት ሰዎች ባልሠሩት ወንጀል በ1975 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው። ፖግስ ስለነሱ ዘፈን ሠርተው በ1988 ሲያወጡት በእንግሊዝ አገር እንዳይተላለፍ ተከለከለ። ስድስቱ ሰዎች በ1991 ነፃ ወጡ፤ 16 ዓመት ታስረው! ወላጆቻቸው አንገታቸውን ደፍተው ያንሾካሾኩትን ልጆቹ ማይክራፎን ላይ ጮኹት። ጩኸቱ የመጣው ከዚህ ነው። ካለማወቅ አይደለም፣ ከንቀትም አይደለም።

ያኔም ቅር የተሰኙ የባህል ሙዚቃ አዋቂዎች ነበሩ። ግን ስሙልኝ። ደብሊነርስ የሚባሉ፣ ከ1962 ጀምሮ የአየርላንድን ዘፈን ለዓለም ያሰሙ፣ ጢማቸው የረዘመ ታላላቅ ሰዎች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች በ1987 ከፖግስ ጋር ሆነው አንድ የቆየ ዘፈን አብረው ቀረጹ። ዘፈኑ አየርላንድ ውስጥ አንደኛ ወጣ። ሽማግሎቹ ወደ ልጆቹ መጡ። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ራሴ።

እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፤ አምባሰል። ዋሽንት ያስተማረኝ አጎቴ ነው፣ ከብት ጥበቃ ላይ። ያ ዘመን፣ በእኛ አቆጣጠር የ77ቱ የረሃብ ዘመን፣ እዚህ ያላችሁ የወሎ ሰዎች ታውቁታላችሁ፤ አላወራውም። በ1997 ዲቪ ደርሶኝ እዚህ ከተማ መጣሁ። አጎቴ የሸኘኝ በሦስት ዋሽንት ነው፤ ለየቅኝቱ የሚስማማ ረጅም፣ መካከለኛና አጭር። ፌርፋክስ ላይ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሥራ አገኘሁ። ያኔ ይህ መንገድ ሊትል ኢትዮጵያ የሚል ሰሌዳ አልነበረውም፤ እሱ የመጣው በ2002 ነው። ምግብ ቤቶቻችን ግን ነበሩ፣ ሽሯችንም ነበረ።

አንድ ሰኞ ማታ ከሥራ ወጥቼ ፌርፋክስን ይዤ ወደ ሰሜን ስሄድ፣ ዊልሻየርን ተሻግሬ ትንሽ እንዳለፍኩ፣ ከአንድ ቤት በር ቫዮሊን ሰማሁ። ከዚህ ከቆምንበት በእግር ቢበዛ 20 ደቂቃ ነው። ሞሊ ማሎንስ የሚባል የአየርላንድ መጠጥ ቤት። እዚያ ሰኞ ሰኞ የሚጫወት ባንድ ነበር፤ በኋላ ፍሎጊንግ ሞሊ ተብሎ ዓለም ያወቀው፣ ስሙንም ከዚያው ቤት ያገኘው። ዘፋኙ ዴቭ ኪንግ የደብሊን ልጅ ነው፣ ከዚያ በፊት የከባድ ሮክ ዘፋኝ ነበር።

ገባሁ። ወለሉ በፈሰሰ ቢራ ጫማ ይይዛል። መድረኩ ፊት ወጣቶቹ እየተጋፉ፣ በትከሻ እየተማቱ ይዘላሉ። ጠብ መሰለኝ። ልወጣ ስል አንዱ ተንሸራቶ ወደቀ። በዚያች ቅጽበት በዙሪያው የነበሩት ሁሉ ቀጥ አሉ። ክብ ሠርተው ከለሉት፣ አራት እጅ ብብቱ ሥር ገብቶ አነሣው፣ አንዷ መነጽሩን ከመሬት ፈልጋ ሰጠችው፣ አንዱ «ደህና ነህ?» አለው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ እንደገና ዘለሉ። በኋላ እንደገባኝ የዚያ ዓለም ሕግ ነው፤ የወደቀ ይነሣል። ማንም አልጻፈውም፣ ሁሉም ያውቀዋል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እዚህ አገር በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት እንደዚያ ያለ መተሳሰብ ያየሁት እዚያ ጫጫታ ውስጥ ነው።

እኔ የተጫወትኩበት ባንድ ግን ሌላ ነው፣ ትንሽ ባንድ። ስሙን አልጠራም፤ አብዛኞቹ ዛሬ የራሳቸው ኑሮ ያላቸው ሰዎች ናቸው፣ በሰላም ይኑሩበት። የተገናኘነው እንዲህ ነው። በእረፍት ሰዓቴ የመኪና ማቆሚያው ዳስ ውስጥ ሆኜ ዋሽንት ስነፋ አንዲት የቫዮሊን ሳጥን ያነገተች ልጅ መኪናዋን ልትወስድ መጣች። ቲኬቷን በእጇ ይዛ ቆመች። ትዝታ ነበር የምነፋው። ስጨርስ «ይሄ ዜማ ከየትኛው የአየርላንድ ክፍል ነው?» አለችኝ።

የአየርላንድ አይደለም፣ የወሎ ነው አልኳት። አላመነችኝም። ከቦርሳዋ ቲን ዊስል አውጥታ ሰጠችኝ። እንግዲህ ሙዚቃ የምታውቁ እዚህ አላችሁና ጠጋ ብላችሁ ስሙኝ። የእኛ ዋሽንት አራት ቀዳዳ አለው። አራቱን ዘግተህ ስትነፋ አንድ ድምፅ፣ አንድ በአንድ ስትከፍት አራት ድምፅ፤ በጠቅላላው አምስት። ቅኝታችንም አምስት ድምፅ ነው። ይቺ ስድስት ቀዳዳ ስላላት ሰባት ድምፅ አላት። ሰባቱን በተራ ስነፋቸው የፈረንጅ ዶ ሬ ሚ ሆነ። ከዚያ ሦስት ጣት የሚይዘውን ድምፅ ዘለልኩ፣ ሁሉም ክፍት ሲሆን የሚወጣውንም ዘለልኩ። ምን ቀረ? ትዝታ! ድርቅ ያለ ትዝታ ሜጀር! ብዙ የቆዩ የአየርላንድና የስኮትላንድ ዜማዎች በዚሁ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት የተሠሩ ናቸው። ልጅቷ ቫዮሊኗን አውጥታ አንዱን አሰማችኝ። ቃሉን አላውቀውም፣ ቋንቋውን አላውቀውም፣ መንገዱን ግን አውቀዋለሁ። የአጎቴ ግጦሽ ላይ የሄድኩበት መንገድ ነው።

ሐሙስ ማታ ወደ ልምምድ ወሰደችኝ፤ አንድ ጋራዥ ውስጥ። ሰባተኛ ሰው ሆንኩ። ድራም የሚመታው አንገቱ ድረስ ንቅሳት ያለው ግዙፍ ልጅ ነበር፤ በኋላ ስለሱ እናገራለሁ። እነሱ ጂግ የሚሉት ምት አላቸው። በስድስት የሚቆጠር፣ ሦስት ሦስት ሆኖ የሚጋልብ። እኔ ደግሞ በሠርግ ቤታችን እንደምናጨበጭበው አጨበጨብኩለት፤ ችክችካውን። እሱም ስድስት ነው! ቁጥሩ አንድ ሆኖ ክብደቱ የሚያርፍበት ቦታ ይለያል። የነሱ እግር ላይ ያርፋል፣ የእኛ ትከሻ ላይ። ያ ልጅ ያን ማታ እስከ ስምንት ሰዓት አልተኛም። «አንዴ፣ እንደገና አጨብጭብ» እያለ፣ ልክ እስኪመጣለት፣ ላቡ እየተንጠባጠበ። የሰው ባህል የሚናቀው በጩኸት ነው ወይስ በስንፍና? ያን ልጅ አይቼ መልሱን አውቄዋለሁ።

ኑሮውስ? ኑሮው ቫን ነው። የኋላ ወንበሮቹ የተነቀሉ አሮጌ ቫን፣ ከድራሙና ከስፒከሮቹ መሀል ጉልበታችንን አቅፈን እየተኛን። ከዚህ እስከ ሲያትል ከ1,100 ማይል በላይ ነው፤ ያን መንገድ ስንቴ እንደተመላለስን አልቆጠርኩትም። አንድ ምሽት ሠርተን 200 ዶላር ይከፈለናል፣ ቤንዚን ይቀነሳል፣ የቀረው ለሰባት ይካፈላል። የምንኖረው በምንሸጠው ቲሸርት ነበር። አንድ ጊዜ፣ ከተማውን አልጠራውም፣ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ከሁለት ሰዓት በላይ ተጫወትን። ሒሳብ ስንጠይቅ አዘጋጁ በጓሮ በር ሄዷል። ቤንዚን የለንም። ወሬው ወደ ውጭ ወጣና ከበሩ ያልተበተኑት ልጆች ቲሸርቶቹን በሙሉ ገዙ፤ ሁለቱ ቤታቸው ወስደው ምንጣፋቸው ላይ አስተኙን። የወደቀ ይነሣል ያልኳችሁ ይሄው ነው።

መድረክ ላይ የእንጨት መሣሪያን ከኤሌክትሪክ ጋር ማስማማት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ልጆች፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ማይክ የተገጠመለት ቫዮሊን ወይም ባንጆ ከስፒከር ፊት ከቆመ የራሱን ድምፅ መልሶ ይሰማና ያፏጫል፣ ያጓራል። ማሲንቆም እንዲሁ ነው፤ እንዲያውም ቆዳ የተወጠረበት ስለሆነ ይብሳል። ባለፈው ወር አባቶቻችን ጆሯቸውን የያዙት ከግማሽ በላይ በዚህ ምክንያት ነው። ባህል አልተበላሸም፣ ስፒከሩ የቆመበት ቦታ ነው የተበላሸው።

ከዓመቱ ሁሉ ትልቁ ቀን ማርች 17 ነው፤ የቅዱስ ፓትሪክ በዓል። ቀትር ላይ አንድ ቦታ፣ አመሻሽ ላይ ሌላ ቦታ፣ ማታ ሦስተኛ ቦታ እንጫወታለን። በእኛ መጋቢት 8 ነው፤ ሁልጊዜ ሁዳዴ ውስጥ ይውላል። አገሩ በሙሉ አረንጓዴ ለብሶ ሲጠጣ እኔ ጾመኛ ነኝ። በመጀመሪያው ዓመት ዘፋኛችን «ለምን አትጠጣም? የቅዱሳችን ቀን ነው» አለኝ። ስለ ቅዱሱ ያነበብኩትን ነገርኩት። ፓትሪክ በ16 ዓመቱ አካባቢ ከብሪታንያ ተማርኮ አየርላንድ ተወሰደ፤ ባሪያ ሆኖ ስድስት ዓመት መንጋ ጠበቀ፤ ብርድ ላይ እየጾመና እየጸለየ። ይህን ራሱ ጽፎታል። ዘፋኛችን የአየርላንድ ልጅ ሆኖ አልሰማም ነበር። ማታ ሦስተኛው ቦታ ላይ፣ ሕዝቡ እያበደ፣ ባንዱን አስቆመና «አሁን የምትሰሙት እውነተኛ እረኛ ነው። ፓትሪክም እረኛ ነበር» ብሎ ማይኩን ለእኔ ተወልኝ። ቲን ዊስሏን አስቀምጬ የአጎቴን ረጅም ዋሽንት አነሣሁ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም መጠጥ ቤት እንደዚያ ጸጥ ሲል አላየሁም።

መጠጡን ሳላነሳ ባልፍ ግን ዋሽቻለሁ። ልጆቼ፣ ይህን ስሙኝ። ቤቶቹ ገንዘብ ሲያጥራቸው በቢራ ይከፍሉ ነበር፤ ለዘፋኝ ማጨብጨቢያው ብርጭቆ ማቀበል ነበር። እኛ ባንድ ውስጥ ከሁላችንም የላቀ ተሰጥኦ የነበረውን ልጅ መጠጥ ወሰደብን። ጣቶቹ እየተንቀጠቀጡ የራሱን ዜማ መጫወት ሲያቅተው አይቻለሁ። ሼን ማክጋውንም በ1991 ጃፓን ላይ ከባንዱ የተለየው በዚሁ ጦስ ነው። የዚህን ሙዚቃ ክብር ሳወራላችሁ ይህን ደብቄ አይደለም።

አሁን ሦስተኛው። አባቴ።

ኦክቶበር 2004 ፖርትላንድ ነበርን። አባቴ አምባሰል አረፈ። የአጎቴ ልጅ እዚህ ሎስ አንጀለስ ሰማ። ለእኔ አልደወለም፤ ለቫዮሊን ተጫዋቿ ደወለላት። እንዲህ አላት፦ «ዛሬ እንዳትነግሩት። መርዶ በምሽት አይነገርም። ሥራውን ይሥራ፣ እህል ይቅመስ፣ ይተኛ። ሲነጋ ሁላችሁም ሆናችሁ ንገሩት። ብቻውን እንዳይሆን።»

ያን ማታ ተጫወትን። አንድ ነገር እንግዳ ሆኖብኝ ነበር፤ ያን ማታ ማንም አልጠጣም። ስድስት ሰዎች ናቸው፣ ቢራው ጠረጴዛው ላይ ተደርድሯል፣ አንድም ጠርሙስ አልተከፈተም። ድራመሩ ቦርሳዬን ተሸከመልኝ። ዘፋኙ ሩዝና አትክልት አምጥቶ እስክጨርስ ፊቴ ተቀመጠ። ደክሟቸዋል አልኩ፣ ተኛሁ።

ሲነጋጋ የሞቴሉ በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። ስድስቱም ቆመዋል። ቫዮሊን ተጫዋቿ ጥቁር ሻርፕ አድርጋለች። ያ አንገቱ ድረስ የተነቀሰው ድራመር ገና ማንም ሳይናገር ያለቅሳል። ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ።

ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። «በእናንተ አገር ምን ይደረጋል?» አሉኝ። ለቅሶ ላይ ንፍሮ ይቀርባል አልኩ፤ ለምን ያን እንዳልኩ አላውቅም፣ አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው። ሁለቱ ወጡ። የታሸገ ሽምብራ በቆርቆሮ ገዝተው መጡና በክፍሉ የቡና ማፍያ በሚወርድ ፍል ውኃ አሞቁት። በወረቀት ኩባያ አደሉን። እየተላለፍን በላን። ቫዮሊን ተጫዋቿ ያኔ የአያቷን ነገር አወራችኝ። አያቷ የአየርላንድ፣ የሜዮ ሰው ናቸው። ከ1845 እስከ 1852 በነበረው ረሃብ አየርላንድ ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞቷል፤ ከዚያ የሚበልጥ ተሰዷል። በዚያ ዘመንና ከዚያም በኋላ ልጅ ወደ አሜሪካ ሊሄድ ሲል በዋዜማው ሌሊቱን በሙሉ በቁሙ ያለቅሱለት ነበር። የአሜሪካ ለቅሶ ይሉታል። የሞተ ሰው አድረው እንደሚሸኙት፣ በሕይወት ያለውን ልጅ ያንኑ እያደረጉ ይሸኙታል፤ ዳግመኛ አያዩትማ። እናቴ በ1997 ያደረገችው ምን ነበር? የብዙዎቻችሁስ እናቶች?

ከዚያ ቫዮሊኗን አነሣች። የእነሱን የሐዘን ዜማ ተጫወተች፣ እኔ አምባሰልን ነፋሁ። ጎረቤት ክፍሎች በር ከፍተው ቆሙ፤ ማንም ዝም በሉ አላለንም። የቀሩንን አራት ዝግጅቶች ሰረዙ። ከፖርትላንድ ሎስ አንጀለስ 960 ማይል ገደማ ነው፤ እየተፈራረቁ ሳያድሩ ነዱና አመጡኝ። እዚህ ከተቀመጣችሁት አንዳንዶቻችሁ ታስታውሷቸዋላችሁ። ሦስት ቀን ለቅሶ ቤት ወንበር ሲያመላልስ፣ ለአሮጊቶቹ ውኃ ሲያቀርብ የነበረው አንገቱ ላይ ንቅሳት ያለው ልጅ፣ እሱ ነው። እትዬ፣ እርስዎ «ይሄን ልጅ ማን ወለደው?» ያሉት እሱን ነው።

አባቶቼ፣ ባለፈው ወር ጆሯችሁን የያዛችሁበትን ዓይነት ጩኸት የሚጫወተው ያው ልጅ ነው።

እለምናችኋለሁ። ልጆቻችን እዚህ አገር ተወልደው፣ ማንም ሳያስገድዳቸው፣ ከሞላ መሣሪያ መካከል ማሲንቆ መርጠው አነሡ። ማሲንቆ! የሚያስጮኹትም የሚያስጮኽ ነገር ስላላቸው ነው። ተሳስተው ይሆናል። ቅኝቱን ካልጠበቁ ንገሯቸው፤ ቅርብ ቁጭ ብላችሁ፣ በጣታችሁ እያሳያችሁ ንገሯቸው። አጎቴ ጣቴን ይዞ ነው ያስተማረኝ። ደብሊነርስ ከቤታቸው ሆነው አልገሠጹም፤ መጥተው አብረው ቆሙ። እዚህ ክራር የሚደረድሩ አባት አሉ፣ አውቃቸዋለሁ፣ አቀርቅረዋል። በገና የሚያውቁ እናት አሉ። ዝማሬውን ከዘፈን ቀላቅሉት አልልም፣ የየራሱ ቦታ አለው። ክራሩ ግን ምን ይጠብቃል?

እናንተም ልጆች፣ አታኩርፉ። አባቶቻችሁ የተቆጡት ስለሚወዱት ነው። አሁን ተራው የእናንተ ነው፣ ኑ ወደዚህ። ማሲንቆውን ከስፒከሩ አርቀህ ቁም፤ ወደ ግራ፣ አሁንም ትንሽ፤ እዚያ። ጊታሩን ለመጀመሪያው ስንኝ ዝቅ አድርጊው፣ ከዚያ እንደፈለግሽ። አባባ፣ ክራርዎን መኪና ውስጥ እንዳለ ልጅዎ ነግሮኛል፤ ሄዶ እያመጣልዎት ነው። ድራም ላይ ያለኸው፣ ስድስት ነው፣ ትከሻ ላይ ነው የሚያርፈው፣ እኔ ላጨብጭብልህና ያዘው።

ዊስሏም ሞቃለች። ቁጠር።